ግኖም፣ ፕላዝማ፣ ሲናሞን ወይስ ኤክስኤፍሲኢ? ሊኑክሱን ማሳመር ለፈለገ ሰው

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ አንድ ጠዋት ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ካፊያ ነበር። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ጭራሽ አይታይም። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ልጅ ሊኑክሱን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም፣ አሽሞንሙኖታል። ከስር ክብ ክብ አይከኖች ተደርድረዋል፤ ሜኑው መስታወት ይመስላል፤ መስኮቱ ሲዘጋ እንደ ጭስ ብን ይላል።

«በቃ እንዲህ አድርግልኝ» አለ።

«አብሽር» አልኩት።

አብሽር ከማለቴ በፊት ላፕቶፑን ማየት ነበረብኝ። 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ፣ 1366 በ768 ስክሪን። እኔ ግን ጉራዬ አሸነፈኝና ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሰባት ኤክስቴንሽን (መልክና ሥራ የሚጨምሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ደርድሬ ቪዲዮውን አስመሰልኩለት። ቡና ጀባ ተባልኩ፣ ተመሰገንኩ። ከወራት በኋላ ራሴው ወደ አዲሱ ስሪት አሻገርኩለት። በማግስቱ ጠዋት ደወለ። ከስር የተደረደሩት አይከኖች የሉም፣ ሜኑው የለም፣ በሩ ላይ ደግሞ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ተሰልፏል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሳላጣራ ነው ያሻገርኩት።

ከዚያ ወዲህ «የቱ ዴስክቶፕ ያምራል?» ለሚለኝ ሰው አልመልስም። መጀመሪያ ላፕቶፑን አያለሁ። ከዚያ «ካሳመርከው በኋላ ስንት ጊዜ ልትነካካው ነው?» እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያምራሉ። ልዩነቱ የሚታየው በስድስተኛው ወር ነው።

ለጀማሪ አንድ ነገር ላስረዳ። ሊኑክስ ላይ ገላው ሌላ ነው፣ ልብሱ ሌላ። ያው ኡቡንቱ ግኖምን ሊለብስ ይችላል፣ ፕላዝማን ሊለብስ ይችላል። ይህን ልብስ ነው ዴስክቶፕ ኢንቫይሮመንት የሚሉት። ኡቡንቱ ከግኖም ጋር ይመጣል፣ ኩቡንቱ ከፕላዝማ ጋር፣ ዙቡንቱ ከኤክስኤፍሲኢ ጋር፤ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ በዋናነት ከሲናሞን ጋር።

ግኖም፦ እንደመጣ ከወደዳችሁት

ግኖም ንጹህ ነው። ቀለሙ የተመጠነ፣ ክፍተቱ የተለካ ነው። ጣጣው እጃችሁን ስታስገቡ ይጀምራል፤ ሠሪዎቹ መልኩ እንዲነካካ ብዙም አይወዱም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተወሰኑ የግኖም አፕ ሠሪዎች ሊኑክስ ለሚያሰራጩት ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። አፖቻችንን የራሳችሁን ቲም (የቀለምና የቅርጽ ስብስብ) አታልብሱብን የሚል ነው። እውነት ለመናገር ምክንያት አላቸው። የሌላ ሰው ቲም ሲጫን አይከን ይጠፋል፣ ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ጋር ይዋሃዳል፣ ወቀሳው ግን የሚደርሰው አፑን ለሠራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ግኖም 42 ጀምሮ ነገሩ ጠበቅ ብሏል። ሊብአድዋይታ በሚባለው ላይብረሪ የተሠሩት አዳዲስ አፖች የቆየውን የቲም መንገድ አይሰሙም። ስለዚህ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ቲም ስትጭኑ ግማሹ መስኮት ጥቁር ካባ ይለብሳል፣ ግማሹ በነጭ ጋቢው ይቀራል። ለዓይን ደስ አይልም።

በደህና የሚቀየረው ምንድን ነው? ዳርክ ሞድ፣ ዎልፔፐር፣ እና እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ግኖም 47 ወዲህ በተኑና የተመረጠው ነገር የሚደምቅባቸው ዘጠኝ የማድመቂያ ቀለሞች። ኡቡንቱ የራሱን የቀለም ምርጫ ከ22.04 ስሪት ጀምሮ አስገብቷል፤ ከጎን ያለውን የአይከን ረድፍ ወደ ታች ማውረድም ከሴቲንግ ይቻላል። ለብዙ ሰው ይኸው በቂ ነው።

ከዚያ በላይ የፈለገ ወደ ኤክስቴንሽን ይሄዳል። እኔን የጣለኝም እሱ ነው። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ከየትኛው የግኖም ስሪት ጋር እንደሚሠራ በውስጡ ተጽፎ ይመጣል። ግኖም በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል። የኤክስቴንሽኑ ባለቤት አብሮ ካላደሰ፣ ሥራው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ግኖም 45 ላይ ደግሞ ኤክስቴንሽን የሚጻፍበት ስልት ራሱ ስለተቀየረ የቀድሞዎቹ ሁሉ እንደገና መስተካከል ነበረባቸው። ኤክስቴንሽን ማኔጀር የሚባል አፕ አለ፤ ወደ ቀጣዩ ስሪት ከመሻገራችሁ በፊት የትኛው እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚቆም ይነግራችኋል። ያን ቀን ይህን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ!

ግኖም ከመረጣችሁ ሁለት ወይም ሦስት ኤክስቴንሽን ይበቃችኋል። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣውን፣ ረጅም ድጋፍ ያለውን ኡቡንቱ ያዙ። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ።

ፕላዝማ፦ የተባለውን ሁሉ የሚሰማ

ፕላዝማ ሲባል ከክፍሉ ፊት ቆሞ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ያስተማረን ቴሌቪዥን ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ያኛው «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም ነበር። ይኸኛው ፕላዝማ፣ ኬዲኢ የሚባለው ቡድን ሥራ የሆነው፣ ያሉትን ሁሉ ይሰማል። ችግሩም እሱ ነው።

ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ወደ ማስተካከያው ግቡ። ፓኔሉን (ሜኑና ሰዓት ያለበትን ረድፍ) ወደ ላይ ትወስዱታላችሁ፣ ታሳጥሩታላችሁ፣ ሰዓቱን መሃል ታደርጋላችሁ፣ ሁለተኛ ፓኔል ትጨምራላችሁ። ከዚያ ሴቲንጉ ውስጥ የአፕ ስታይል ለብቻ፣ የፓኔል ስታይል ለብቻ፣ ቀለም ለብቻ፣ የመስኮት ጠርዝ ለብቻ፣ አይከን ለብቻ፣ የማውስ ቀስት ለብቻ አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚታየው ስዕል እንኳ ይመረጣል።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የምትማረው። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ አላት። ሰኞ ባቲ ገበያ ሄዳ የጨርቅ መደብ ፎቶ አነሳች፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ያን ዎልፔፐር አደረገችው። ፕላዝማ የማድመቂያውን ቀለም ከዎልፔፐሩ ራሱ እንዲወስድ ማዘዝ ይቻላል። አንድ ክሊክ ነው። በተኖቹ፣ የተመረጠው ጽሑፍ፣ የፎልደሩ ጠርዝ፣ ሁሉም የባቲ ብርቱካናማ ሆኑ። እኔ ራሴ ቀናሁ።

ከዚያ ግን መስኮት የሚያርገበግበውን ኢፌክት አገኘችው። መስኮቱን ስትጎትቱት ትከሻውን እንደሚመታ የወሎ ጨፋሪ ይርገፈገፋል። የፈተና ሳምንቷን መስኮት ስታስጨፍር ከረመች። እናቷ ተጠያቂ ያደረገችው እኔን ነው።

አንድ ከበድ ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከሴቲንጉ ውስጥ ሆኖ ሌሎች ሰዎች የሠሩትን «ግሎባል ቲም» ማውረድ ይቻላል። በአንድ ጊዜ ሁሉን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ላይ ግን እንዲህ ያለ አንድ ቲም የጫነ ሰው ፋይሎቹ ጠፍተውበታል። የቲሙ ሠሪ ተንኮል አልነበረም፤ የስክሪፕት ስህተት ነው። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ግሎባል ቲምና ዊጅት (እንደ ሰዓት ያለ፣ ዴስክቶፑ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር) በውስጣቸው ፕሮግራም ይዘው መምጣት ይችላሉ። የቀለም ስብስብ፣ የዎልፔፐር ስዕልና አይከን ግን ተራ ፋይሎች ናቸው። ስለዚህ እነዚህን እንደልባችሁ አውርዱ። ግሎባል ቲም ላይ ግን ብሪዝ የተባለውን፣ አብሮ የሚመጣውን ያዙና በላዩ ላይ ቀለም ቀያይሩ። የእህቴ ልጅ ያደረገችው ይኸንን ብቻ ነው፤ ማንም አያምንም።

ሌላም አለ። ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ኮንፊግ» የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ። ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ይታያል። ገጽታው እንደወደዳችሁት ሲሆን ኮፒ አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ፕላዝማ ሲነካካ የሚበላሽበት ቀን አይጠፋም። መብራት በአፕዴት መሃል ጥርግ ሲልባችሁ ደግሞ ይበልጥ ታመሰግኑኛላችሁ።

ድሮ ፕላዝማ ከባድ ነው ይባል ነበር። ያ ስም አሁን አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፕላዝማ 6፣ 8 ጊጋ ራም ላይ ምንም አይለውም። የቆየ ላፕቶፕ ከሆነ ኢፌክቶቹን አጥፉለት።

ሲናሞን፦ ቀረፋ እንደ ስሙ

ሲናሞን ማለት ቀረፋ ነው። ሻይ ላይ ጣል ሲያደርጉት ሻይነቱን አይቀይረውም፣ ያጣፍጠዋል። ይህም እንደዚያ ነው። የሊኑክስ ሚንት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ግኖም 3 ሲመጣ የለመዱት ሜኑና ፓኔል ስለቀረባቸው የጀመሩት ነው። ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ። ዊንዶውስ 7 የለመደ ሰው ሳይጠይቅ ይሠራበታል።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ነው። ለእሱ መጀመሪያ የማሳየው ሲናሞንን ነው። ቲም የሚለው ሴቲንግ ውስጥ ደማቅ፣ ጥቁር ወይም ቅልቅል ትመርጣላችሁ፤ ቀጥላችሁ ቀለም። አለቀ። የሌሎች ሰዎችን ቲም ከፈለጋችሁም እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ታወርዳላችሁ፣ ዌብሳይት ፍለጋ መሄድ የለም።

ከሁሉ የምወደው ትንሽ ነገር ፎልደር ማቅለም ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ቀለም መምረጥ። የውርስ ፋይል ቀይ፣ የተማሪ አሳይመንት ሰማያዊ፣ የሰርግ ጥሪ ሮዝ። ጽሕፈት ለሚሠራ ሰው ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሚንት ላይ ታይምሺፍት የሚባል ወደ ትናንት የሚመልስ መሣሪያም አብሮ ይመጣል። አንድ ጊዜ አብሩት፣ ከዚያ እርሱት።

ጉድለቱ? እንደ ፕላዝማ አይተጣጠፍም። እንደ ቪዲዮው ብን የሚል ነገር የሚፈልግ ሰው ይሰለቸዋል።

ኤክስኤፍሲኢ፦ ለደከመ ላፕቶፕ

ምልክቱ አይጥ ነው። አይጥ መሆኑ ተስማምቶታል፤ ቀላል ነው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ይኖራል። ሲመጣ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከነበረ ቢሮ የወጣ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ስህተት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ስጡት።

የጓደኛዬን ላፕቶፕ እንዴት እንዳስተካከልኩት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፓፒረስ የሚባለውን የአይከን ስብስብ ጫንኩ። በሃያው ደቂቃ ከሚመጣው ለውጥ ግማሹን የሚያመጣው አይከን ነው። ከዚያ «አፒራንስ» ውስጥ ገብቼ ስታይሉን ቀየርኩ። እዚህ ላይ ሁሉም ጀማሪ ይደናገራል። የመስኮቱ ሆድ ይቀየራል፣ ራስጌው ግን እንደነበረ ይቀራል። ምክንያቱም ኤክስኤፍሲኢ ላይ የመስኮቱ ራስጌ የሌላ ፕሮግራም ሥራ ነው፤ «ዊንዶው ማኔጀር» የሚለው ውስጥ ለብቻው ይቀየራል። አዳዲሶቹ ስሪቶች ላይ ተስማሚውን አብሮ እንዲቀይር የምታዝዙበት ሳጥን አለ። እሱን ምልክት አድርጉ።

ሁለተኛው መደናገሪያ የመስኮት ጠርዝ ነው። አንዳንድ ቲሞች ጠርዙን ክር አድርገው ያቀጥኑታል፤ መስኮት ለማስፋት በማውስ ስታሳድዱት ትውላላችሁ። አልትን ይዛችሁ በቀኝ ክሊክ የመስኮቱን መሃል ጎትቱ። ይሰፋል። ይህን ያሳየሁት ሁሉ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይለኛል።

ከዚያ ፓኔሉን ወደ ታች አወረድኩ፣ ከፍታውን ጨመርኩ፣ ዊስከር የሚባለውን ሜኑ አስገባሁ። ጥላና ግልጽነት የሚሰጠውን ኮምፖዚተር አጠፋሁት። ያኔ ላፕቶፑ እፎይ አለ። በመጨረሻም ፓኔሉን ቆለፍኩት፤ ደንበኛ ማውስ ይዞ አይከን እየጎተተ እንዳይጥልበት።

ኤክስኤፍሲኢ አዲስ ስሪት ለማውጣት አይቸኩልም። 4.18 በታኅሣሥ 2022፣ 4.20 በታኅሣሥ 2024 ነው የወጡት፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። ዝግታው ለእኔ ሙገሳ ነው። ያሳመራችሁት ነገር በቦታው ይቆያል።

ማቴ ደግሞ አለ፤ የድሮውን ግኖም 2 የሚያስቀጥል፣ ስሙን ደቡብ አሜሪካኖች እንደ ሻይ ከሚያፈሉት ቅጠል የወሰደ። ከኤክስኤፍሲኢ ጋር ወንድማማች ናቸው ብላችሁ እለፉት። ኤልኤክስኪውቲ የሚባለውን ሌላ ቀላል ዴስክቶፕ የማነሳው 2 ጊጋ ራም ላለው ብቻ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ መጀመሪያ ፎንቱ

የፈረንጅ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ አይነካቸውማ። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከቲምም ከአይከንም በፊት ዴስክቶፑን የሚያሳምረው ፎንቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ዴስክቶፑ ለጽሑፍ የመረጠው ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ «ደብዳቤ» የሚል ፋይል ሲያገኝ፣ ሲስተሙ ፊደሉ ያለውን ሌላ ፎንት ፈልጎ ያመጣል። የመጣው ፎንት ከላቲኑ ጋር በውፍረትም በቁመትም ላይገጥም ይችላል። አንዱ ቃል ቀጭን፣ ጎረቤቱ ወፍራም ይሆናል። ፓኔሉ ጠባብ ከሆነም የፊደሉ እግር ይቆረጣል።

ሁለት ፎንት ጫኑ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለሜኑና ለፋይል ስም፤ መስመሩ እኩል ስለሆነ በትንሹም ይነበባል። አቢሲኒካ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ፤ የብዕር ለዛ አለው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ከኡቡንቱና ከሚንት የሶፍትዌር ማከማቻ ይገኛሉ። ከዚያ የዴስክቶፑን የፎንት መጠን በአንድ ወይም በሁለት ከፍ አድርጉ። እንደ ጓደኛዬ ባለ ስክሪን ላይ በ9 መጠን «ቡ» እና «ቢ»ን ለዩ ብትባሉ ትምላላችሁ እንጂ አታውቁም። በ11 ግን ቅጥያዋ መሃል ላይ ትሁን ከስር፣ ጥርት ብላ ትታያለች። ግኖም ላይ ፎንት ለመቀየር ትዊክስ የሚባለውን አፕ መጫን ያስፈልጋል፤ የቀሩት ሦስቱ ላይ ሴቲንጉ ውስጥ አለ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ያ ፎንት ከሌለ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆነው ይከፈታሉ። ሊኑክሱ አልተበላሸም። ደንበኛው ፋይሉን በፒዲኤፍ እንዲያመጣ ንገሩት።

ሳትጭኑ ቅመሱ

ገበያ ሄዶ ጤፍ የሚገዛ ሰው ዘግኖ አይቶ ነው። ሊኑክስም ከፍላሽ ላይ ተነስቶ ሳይጫን ይሞከራል። ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ካስገባችሁ በኋላ ብዙ የሊኑክስ ፋይል እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ማድረግ ነው፤ ሲነሳ የቱን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሚንት፣ ኩቡንቱና ዙቡንቱ አብረው ያድራሉ። ፋይሎቹ በጊጋ ስለሚቆጠሩ የዳታ ጥቅላችሁን አታባክኑ፤ ያወረደ ጓደኛ ፈልጋችሁ ገልብጡ። በፍላሽ ሲሞከር ሁሉም ትንሽ ይንቀረፈፋል፣ በፍጥነቱ አትፍረዱ። የምታዩት ዋይፋዩ መያዙን፣ ስክሪኑ መስተካከሉን፣ እና እጃችሁ ሜኑውን ሳይፈልግ ማግኘቱን ነው።

አንድ ሲስተም ላይ ሁለት ዴስክቶፕ ጭኖ ሲገቡ መምረጥም ይቻላል። እኔ አልመክርም። ሁለት ፋይል ማኔጀር፣ ሁለት ካልኩሌተር፣ ሁለት ሴቲንግ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ሁለት ሞግዚት ያለው ልጅ ዓይነት ነገር ነው።

ጓደኛዬ አሁን በኤክስኤፍሲኢ ላይ ነው። ዎልፔፐሩ ራሱ ያነሳው የሐይቅ ሐይቅ ፎቶ ነው፤ ውሃው ዳር ላይ ዛፍ፣ ማዶው ጭጋግ። አይከኖቹ ሰማያዊ፣ ፎንቱ 11። ሁለት ዙር አፕዴት አልፎበታል፣ ምንም አልተነቃነቀም። ያ ቪዲዮ ግን ስልኩ ላይ እንዳለ ነው። ቡናው እስኪፈላ አንዳንዴ አውጥቶ ያየዋል። እኔ እንዳላየ ሆኜ ሲኒውን አቀብላለሁ።